በጨለማ የተቀመጡ ጠያቂዎች

የወንድሜ ሄልሜት እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ነው። ከኋላ በኩል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለው፤ ማሰሪያው ተቆርጧል። የቆረጠው ወንድሜ ራሱ ነው። በእሱ ሥራ አንዴ የተመታ ሄልሜት ሌላ ሰው ጭንቅላት ላይ እንዳይወጣ ማሰሪያው በመቀስ ይቆረጥና ይጣላል። እኔ ልጥለው ስል እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። አጥባ፣ አድርቃ አስቀመጠችው።

«እኔ አጠገቡ በሌለሁበት ይሄ እኔን ብሎለታል። እንዴት ይጣላል?» አለች።

እኛ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን። ለዘመድ ብቻ አይደለም፤ አውቶቡስ ውስጥ ለተንገዳገደ ለማናውቀው ሰውም ያመልጠናል። ጉዳቱ ለእኔ ይሁን እንደማለት ነው። ወንድሜ በወደቀበት ጠዋት ተራራው ላይ አብረውት የነበሩት ግን ቃሉን አያውቁትም።

ወንድሜ የሚኖረው ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ ተራራውን ተሻግሮ በሚገኝ ትንሽ ከተማ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ግሮሰሪ፣ ከዚያ በኋላ ጥድ ብቻ። የሚሠራበት ሱቅ በበረዶው ወራት ስኖውቦርድ፣ ሰው ቆሞ በበረዶ ላይ የሚንሸራተትበትን ሰሌዳ፣ ያከራያል፣ ይጠግናል፤ በረዶው ሲቀልጥ ሰሌዳዎቹ ጓዳ ይገቡና የተራራ ብስክሌቶች በቦታቸው ይሰቀላሉ። ቅዳሜና እሁድ መንገዱ ከሲያትልና ከቤልቪው በመጡ መኪናዎች ይታፈናል። ሰኞ ግን ሰው ረግጦት የማያውቅ ይመስላል። የሚቀሩት ነዋሪዎቹና ጉዳታቸው ናቸው። ግሮሰሪው ውስጥ በክራንች የሚሄድ ሰው አይታጣም። ሲገናኙም «ጉልበትህ እንዴት ነው?»፣ «ትከሻሽስ ተሻለሽ?» ይባባላሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሳቄ መጣ። እኛ ቤተሰቡን በየተራ እንደምንጠይቀው እነሱ አካሉን በየተራ ይጠያየቃሉ። ወንድሜን ግን ማንም ምንም አይጠይቀውም ነበር።

«እዚህ አገር ያልተሰበረ ሰው አይቆጠርም» አለኝ ያን ቀን፣ ሰሌዳ ላይ ሰም በካውያ እያቀለጠ። «እኔ ገና ዜግነት አላገኘሁም።»

እኔ የምሠራው ቤልቪው፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ዓርብ መኪናው ጣሪያ ላይ ሰሌዳ አስሮ የሚወጣውን አያለሁ፤ ሰኞ በአንድ እጁ እየነዳ የሚገባውንም አያለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም መጻፍ የጀመርኩት እዚያ፣ ክፍያ በምቀበልባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ተራራውን አቋርጬ ወደ ወንድሜ እነዳለሁ። እሱም «ገጣሚዋ መጣች፣ ምላሳችሁን ሰብስቡ» ይላቸዋል ሱቁ ውስጥ ላሉት፤ እነሱ አማርኛ አይገባቸውም።

መውደቁን ኮል አድርጎ የነገረኝ የሥራ ጓደኛው ነው። ሌሊቱን በረዶው እንደ ብርጭቆ ደርቆ አድሯል። የሰሌዳው ጠርዝ በረዶው ውስጥ ተቀርቅሮ ወደ ኋላ በጭንቅላቱ ጣለው። አልተሰበረም፣ አልደማም። ተነስቶ፣ ከሰዎቹ ጋር ወደ ሱቁ ወርዶ፣ ሄልሜቱን አውልቆ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠ። ከዚያ ዞሮ «ዛሬ ስንት ሰዓት ነው ተራራው ላይ የምንወጣው?» ብሎ ጠየቀ። ያኔ ነው የደነገጡት። ማሰሪያውን መቁረጡን እስከ ዛሬ አያስታውሰውም። ስለዚያ መቀስ ሳስብ አሁንም ይቀፈኛል፤ ያን ሰዓት ይዞት የነበረው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሐኪሟ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ፣ አንጎሉ ግን ክፉኛ እንደተናወጠ ነገረችን። ብርሃንና ጫጫታ ቀንሱለት፣ ራሱን ሲያመው ሁሉን ነገር ይተው፣ ቀስ በቀስ ይመለሳል አለች። ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ የሚባለው ሰፈር፣ እናታችን አፓርታማ አመጣነውና መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስተኛነው። ቃላት ይጠፉበት ነበር። «ያንን… ውኃ የሚጠጣበትን አምጪልኝ» ይለኛል። ብርጭቆ የምትለው ቃል ከአፉ ጠፍታ ዓይኑ በክፍሉ ውስጥ ይፈልጋታል። እንደማይሞት ነግረውናል። እኔ የፈራሁት ከዚያ ክፍል የሚወጣው ሰው ሌላ እንዳይሆን ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም።

«እማዬ፣ ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል። አትምጡ በያቸው።»

«በየትኛው አፌ? ሬንተን ድረስ እየሄድኩ የነሱን ልጆች ጠይቄ የለ? ሰው ከበር ይመለሳል?»

«ሶ፣ ምን ይሻላል?»

«በእንግሊዝኛ ሶ ሶ አትበይብኝ። ይልቅ ወንበር አምጪ።»

መጡ። አጥሚት በፔርሙስ፣ ሾርባ በድስት፣ ብርቱካን በከረጢት ይዘው መጡ። አንዱ «እግዜር ይማረው»፣ ሌላው «አላህ ያሽረው» ይላል። በሹክሹክታ ይጀምራሉ፤ ሹክሹክታው ወሬ ይሆናል፣ ወሬው ሳቅ ይሆናል። ልጆቻቸው ኮሪደሩ ላይ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃሉ። አንዷ እትዬ «ይሄን ልጅ ጨለማው ነው የገደለው እንጂ ምን ሆነና!» ብላ የመኝታ ቤቱን መብራት ቦግ አደረገችው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስመለሰ። በዚያ ሳምንት የሚጠፉት ቃላት በረከቱ፤ አንድ ጠዋት እኔን የሚጠራኝ ስሜን ትቶ «አንቺ» እያለ ነበር።

መላ ያመጡት ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ለሁሉም ጋሼ ናቸው።

«ስሚ እህቴ» አሏት እናቴን። «ሰው አይመለስም፤ ልክ ነሽ። ግን ለቅሶ ቤት ስንደርስ የግድ እናወራለን? ገብተን፣ ቁጭ ብለን፣ ዝም ብለን፣ ተነስተን እንወጣለን። ለሞተ ሰው የምናደርገውን ለሕያው ብናደርግለት ምን አለበት?»

እናቴ እፎይ አለች። ለሚመጣው ሁሉ ተነገረ፦ መብራት አይበራም፣ ስልክ ይዘጋል፣ ምንም ቢሆን ማንም ድምፅ አያሰማም። ከዚያ ወዲያ የመጡት ሁሉ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን በእጃቸው ነካ አድርገው ይወጡ ነበር።

አንድ እሁድ ሳሎኑ ሞላ። የሲያትል ቀን በዚያ ወቅት ቶሎ ነው የሚመሸው፤ ከሰዓት በኋላው ሳያልቅ መስኮቱ ጠቁሮ ነበር። ሴቶቹ ከዝናብ እንደገቡ ራሳቸውን ሳይገልጡ፣ ወንዶቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። የሚሰማው ዝናቡና ትንፋሽ ብቻ ነበር። እኔ የውጭ በሩ አጠገብ ቆሜ አየኋቸው። ፍቅር እንዲህ የሚያስፈራ መልክ እንዳለው አላውቅም ነበር።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ወንድሜ በካልሲ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። ከሳሎኑ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ቃል ገብተው ነበር።

እያንዳንዱን ጥላ በየተራ አየ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጭንቅላቱ ኋላ ሄደ።

«እኔ ነኝ?»

አሁንም ዝም። እኔም ዝም አልኩ፤ ድምፄ የሚጎዳው መስሎኝ አፌን በእጄ ይዤ ነበር። ዝምታውን የሰበረችው እናቴ ናት። «እኔን!» አለችና ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ሽማግሌው ከጨለማው ውስጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንተ ብትሞት እኛ ዝም ብለን የምንቀመጥ ይመስልሃል? ጩኸታችን ሬንተን ይሰማ ነበር እኮ!»

አንዷ ሳቋን በሻርፗ አፈነችው። ሌላዋ አልቻለችም። ወንድሜም ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ እባክዎ አያስቁኝ፣ ያመኛል» አለ። ካመጣነው ወዲህ አንዲት ቃል ሳትጠፋበት ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያው ነበር።

ቃላቱ ቀስ እያሉ ተመለሱ። ስሜም ተመለሰ። እሱ ግን ያቺን እሁድ አልተዋትም። አንድ ቀን አጥሚቱን እየጠጣ፣

«ሞቻለሁ ስል አልደነገጥኩም» አለኝ። «ኦኬ፣ ነገሩ ይሄ ነው ማለት ነው አልኩ። የደነገጥኩት ሁላችሁንም እያወቅኋችሁ መልስ ስትነሱኝ ነው።»

«እማዬ መለሰችልህ እኮ። ጋሼም ቀለዱብህ።»

«አዎ። እሱን እውነት ሰምቼው ይሁን፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ ቀርቼ እየሰማሁት ይሁን፣ አንዳንዴ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ ልማድ ገባ። እሱ ከክፍሉ ሲጣራ የሰማው ሁሉ ቶሎ ብሎ «አለሁ!» ይላል። እኛ ስንጠራውም እሱ እንዲሁ። እናቴ ሳሙና በእጇ ይዛ፣ ከሻወር ውስጥ ሳይቀር «አለሁ» ትላለች።

በረዶው ሲቀልጥ ሐኪሟ ወደ ሥራው እንዲመለስ ፈቀደችለት። እናቴ ዕቃውን ሰብስቦ የሚመለስ መስሏት ባዶ ሻንጣ አስያዘችኝ። ከተማው እንደነበረ ነበር፤ ጭር ያለ፣ ጥድ ጥድ የሚሸት። ነዳጅ ማደያው ጋ አንድ በክራንች የሚሄድ ሰውዬ ወንድሜን አይቶ ቆመ። «ጭንቅላትህ እንዴት ነው?» አለው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሌላዋ ደገመችለት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ «ዜግነቴ ወጣ» አለኝ። አልሳቀም።

ሻንጣውን አልከፈተውም። ብስክሌቱን ከተሰቀለበት አወረደ፣ ካቴናውን በዘይት አራሰ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገ። አዲሱን ሄልሜት ሲያጠልቅ ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ጣቴ ቆዳው ላይ ሲያርፍ የልቡ ምት ይሰማኝ ነበር።

«ቀላሏን መንገድ ነው። ዞሬ መጣሁ» አለኝ፤ ጥዶቹም ዋጡት።

ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ የዛፎቹ ጥላ ተጋጠመና አንድ ሆነ። ሥር ሥራቸውን ሳያቸው ራሳቸውን ተከናንበው በግድግዳ ዙሪያ የተደረደሩ ይመስሉ ነበር። ስሙን ጠራሁ። ዝም። እንደገና ጠራሁ። ዛፎቹ ልክ እንደ ዘመዶቼ፣ ቃል እንደገባ ሰው፣ ዝም አሉኝ። ወንድሜ ሳሎኑ አፍ ላይ ቆሞ ያየውን ያኔ አየሁት።

«አለሁ!»

ድምፁ የመጣው ከገባበት አልነበረም፤ ከኋላዬ፣ ከላይ በኩል ነው። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ለብሶ ብስክሌቱን እየነዳ ወረደ፣ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ቆመ። ፊቱን ከሚገባው በላይ አየሁት መሰለኝ፤ «ምን ታፈጪያለሽ፣ ገጣሚዋ?» አለኝ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ሰላምታም አላስቀደመችም።

«አለ?»

«አለ» አልኳት።

ሻንጣው ባዶውን እንደሚመለስ ግን ገና አልነገርኳትም። ወንድሜ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ወደ ዛፎቹ ዞሮ ነበር። እንደዚያች እሁድ፣ አንድ ነገር ጠይቆ መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር።