በአዝራር ቀዳዳ የተለካ ገመድ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አዝራር ልትገዛ ስትሄድ ኮቱን ተሸክማ አትዞርም፤ የቀዳዳውን ልክ ካርቶን ላይ ቆርጣ ያንን ትይዛለች። ሻጮቹ ይስቁባታል፤ እሷ ግን የማይሆን አዝራር ይዛ ቤት ገብታ አታውቅም።

ባሏ፣ አጎቴ የምለው፣ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ አውቶቡሶችን ይጠራ ነበር። ልጅ ሳለሁ ያ ወፍራም ድምፅ በጣሪያው ሁሉ ላይ አልፎ እኛ ቤት ይደርስ ነበር፤ ዛሬም አንዳንድ ጠዋት የሰማሁት ይመስለኛል። በኋላ ጉሮሮውን ታመመ። ቀዶ ጥገናው እሱን ቢያተርፍልንም ድምፁን ወሰደው። የቀረን ጓደኞቹ ቀርጸው በሰጡት አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ የዲስኩ ገመድ ደግሞ ቤት ሲቀይሩ ጠፋ።

ዘንድሮ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የተወለደችው የልጅ ልጃቸው፣ "አያዬ ሲያወራ እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀች። አክስቴ ተነስታ መቀሷን አመጣች።

ቤት ካሉት የስልክ ገመዶች አንዱ ዲስኩ ላይ ሲሰካ ይወዛወዛል፣ ሌላው አልገባም ይላል። "ዲስኩን ይዘን ገመድ ሻጭ ጋ እንሂድ" አልኳት።

"ታክሲ ውስጥ አንዱ በክርኑ ቢደቁሰውስ? ይሄ እኮ የባሌ ጉሮሮ ነው።"

ወረቀት በዲስኩ አፍ ላይ አድርጋ በእርሳስ አሸችው። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጎኑ ገባ ያለ ትንሽ ቅርጽ ወጣ። ካርቶን ላይ ገልብጣ፣ ደጋግማ አበላሽታ፣ በመጨረሻ ልኩን ቆረጠችው።

ገመድ ሻጩ ካርቶኑን አገላብጦ አየው። "እማማ፣ ምንድነው ይሄ?"

"የአዝራር ቀዳዳ ነው። አዝራሩን አንተ አምጣ።"

የስልክ ገመድ ሰጣት፤ በቀዳዳው ሾልኮ አለፈ። "ይሄ ለስስ ሸሚዝ ነው፤ የኔ ካፖርት ነው" አለችው። የአዲሶቹን ስልኮች ገመድ ሰጣት፤ ዳርና ዳሩ ክብ ስለሆነ ጭራሽ አልገባም።

"ገመድ ነው የሚገዙት ወይስ ልብስ ሊለኩኝ ነው?"

"አንተን ብለካህ ጨርቁም አይበቃኝ። ፈልግ።"

ሻጩ ቦርጩን እያሻሸ ሳቀና ከጠረጴዛው ሥር የአሮጌ ካሜራ ገመዶች የታጨቁበት ሳጥን ጎተተ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አንዱን ራሷ መረጠች፤ ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው። ልክክ አለ። ብትነቀንቀው ንቅንቅ የለም።

"ሚኒ ይባላል። የድሮ ነው" አለ።

"እኛም የድሮ ነን" አለችና እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

ቤት ገብታ ዲስኩን በገመዱ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘችው። ሰማያዊ መብራት በራ፤ ዲስኩ እርርር ማለት ጀመረ። ቅጂውን ስከፍተው ያ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። "ውድ መንገደኞች፣ የጠዋቱ አውቶቡስ ሊነሳ ነው። ሻንጣችሁን እንዳትረሱ፤ ሚስቶቻችሁንም እንዳትረሱ።"

ልጅቷ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች። "ማነው ይሄ?"

አጎቴ ከወንበሩ ተነስቶ፣ መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ እጁን አወጣ።

ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ ላፕቶፑን አየች። "አያዬ፣ ድገመው" አለችው።

አጎቴ ቁልፉን ተጫነ። ድምፁ እንደገና ሲነሳ ከንፈሩ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድም ቃል አልሳተም።