ደምሌ በምጽዋ የጣለው ወፍ

የሲማዳው ደምሌ ተኩሶ የሳተበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። እሱ ራሱ ግን የመታበትን ቀን ሁሉ ያስታውሳል፤ ላልጠየቀውም ይተርካል። በጉብዝናው ወራት አንድ ነብር ገድሏል። ያ ነብር ከሞተ በኋላ በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ሲያድግ ኖሮ፣ በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. የወገዳን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ያህል ነበር። እንዲህ ላለው ጀግና የጎደለው ሹመት ብቻ ነው። በኅዳር ወር የአጥቢያው ዳኛ ሲሞቱ ከልጆቻቸው ይልቅ አምርሮ ያለቀሰው ደምሌ ነው፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ ዓይኑ ግን ከፊታውራሪ ካሣሁን ላይ አይነሣም።

ፊታውራሪ ካሣሁን የአገሩ ባላባት ናቸው። ዳኛ የሚሆነውም እሳቸው ይሁን ያሉት ሰው ነው። ታዲያ እኒህ ትልቅ ሰው ለሕክምና አስመራ ሄደው ሳለ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ወፍ ማየት አስለምዷቸው ተመለሱ። አንገታቸው ላይ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር፣ ኪሳቸው ውስጥ ደብተር። ያዩትን ወፍ መልኩንና ቀኑን ይጽፋሉ። በየማሳው ዳር ቆመው ሲመለከቱ ያያቸው ገበሬ መሬቴ ሊለካብኝ ነው ብሎ ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድለት አለ። የማየው ወፍ ነው ቢሉ ማን ይመናቸው!

ጥምቀት እንዳለፈ ለዕረፍት ምጽዋ ወርደው የባሕሩን ወፍ ሊያዩ ቆረጡ። አጃቢ የመረጡት ደምሌንና ቻላቸውን ነው። ቻላቸው የባለቤታቸው የሩቅ ዘመድ ሲሆን ቆሞም ተቀምጦም መተኛት ይችላል።

«ዳኝነቱ ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ነው፤ ማን ሰው እንደሆነ በመንገድ አያለሁ» አሉ ፊታውራሪ።

ደምሌ ይህን ለሚስቱ ለውብነሽ በደስታ ሲነግራት፣

«ወፍ ለማየት ባሕር ድረስ? ቆላ ውረዱና ማሽላውን እዩት፣ ወፍ አይደለም እንዴ ሲግጠው የሚውል?» አለችው።

«ዝም በይ፤ ስመለስ የዳኛ ሚስት ነሽ» አላትና ምንሽር ጠመንጃውን ወልውሎ ተነሣ።

እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከአስመራ ቁልቁል በባቡር ወርደው ከምጽዋ ከተማ ወጣ ባለ አሸዋ ላይ ድንኳን ተከሉ። ሙቀቱ ሰውን እንደ ቅቤ ያቀልጣል። ቻላቸው ከድንኳኑ ጥላ ገብቶ ተኛ፤ ለምግብ ካልሆነ በቀር ሲነሣ ያየው የለም። ፊታውራሪ ግን በዚያ ክብራቸው አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኝተው በመነጽር ባሕሩን ሲያዩ ይውላሉ። ፈረንጁ ሐኪም የነገራቸው አንድ ወፍ አለ፤ ነጭና ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ ምንቃረ ወፍራም። እሱን ካላዩ ዕረፍታቸው ዕረፍት አይደለም።

ደምሌ አጠገባቸው ተጋድሞ አሰበ። በእሱ አገር ሰው በደረቱ ተኝቶ ዓይኑን የሚያጠብበው ሊተኩስ ሲያደፍጥ ነው። ታዲያ ጌታው ለምን አይተኩሱም?

በአራተኛው ቀን ጧት ያ ወፍ መጣ። አሸዋው ላይ ተገትሮ ሸርጣን ይለቅም ጀመር። የፊታውራሪ እጅ በደስታ ተንቀጠቀጠ፤ መነጽሩን መያዝ አቃታቸው። ደምሌ የሚንቀጠቀጠውን እጅ አይቶ ሁሉ ነገር ገባው። አዛውንቱ እጃቸው ከድቷቸዋል! እስታለሁ ብለው አፍረው ነው ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ያሉት! ጌታውን ከውርደት የሚያድን አሽከር ካልተሾመ ማን ሊሾም ነው?

አንዴ ተኮሰ። እንደ ልማዱ አልሳተም። እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ ወፉን አነሣና ከፊታውራሪ እግር ሥር ግዳዩን ጣለ። ከዚያም ምንሽሩን ወደ ሰማይ እያወዛወዘ፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እየተንጎራደደ ፎከረ።

«ዘራፍ! ዘራፍ! የፊታውራሪ ካሣሁን አሽከር! ነብሩን በገደል፣ ክንፋሙን በባሕር የማያስተርፍ!»

የፊታውራሪ ዓይን እንባ አቀረረ። ደምሌ የደስታ እንባ ነው ብሎ አውልቀው የሚሸልሙት ካባ ለብሰው እንደሆነ ትከሻቸውን ተመለከተ። ፊታውራሪ ግን ደብተራቸውን ዘግተው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

በማግስቱ ጠሩትና፣ «ዳኛው ቻላቸው ነው» አሉት።

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ ተኝቶ ነው የከረመው!»

«አዎ። ምንም ሳይነካ የከረመ እሱ ብቻ ነው።»

ደምሌ አንጀቱ አረረ። ያንን ሁሉ አገር ሲመለስ ነብሩን እንኳ ለማንም አልተረከም።

ፊታውራሪ ግን ወፉን አልጣሉትም። አስመራ ላይ ሆዱን ገለባ አስሞልተው አምጥተው እልፍኛቸው ውስጥ ሰቀሉት። በዐቢይ ጾም ዋዜማ ባላባቶቹ ለግብዣ ተሰብስበው፣ ከመብሉ በፊት ደምሌ ከደጃፉ ቆሞ እጅ ሲያስታጥብ፣ ከእስቴ የመጡት ግራዝማች ሳቅ እያሉ፣

«ካሣሁን፣ ወፍ ልታይ ባሕር ድረስ ሄድክ የሚሉት እውነት ነው?» አሏቸው።

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ፊታውራሪ ቀሉ። ቀና ብለው ወደ ተሰቀለው ወፍ አመለከቱ።

«ምን ለማየት! ለአደን ነው እንጂ። በአንዲት ጥይት ነው የጣልኩት። ዳኛው አይቷል።»

ከጎናቸው የተቀመጠው አጥቢያ ዳኛ ቻላቸው እንቅልፉን እንደ ምንም አባሮ፣ «በዓይኔ በብረቱ!» አለ።

«ደምሌም ነበር» አሉ ፊታውራሪ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አይደለም እንዴ ደምሌ? በቤተ ልሔም አጥቢያ ያሉት ዳኛ እኮ አርጅተዋል፤ ዘንድሮን መክረማቸውን እንጃ።»

የውሃው ማንቆርቆሪያ በደምሌ እጅ ላይ ከበደ። አሁን እውነቱን ቢናገር እንግዳው ሁሉ ያምነው ነበር፤ አገሩ ተኩሱን ያውቃላ።

«አዎ ጌታዬ» አለ። «እርስዎ ነዎት የጣሉት። እኔስ ብተኩስ እስተው ነበር።»