የገመዱ ሌላ ጫፍ

ሐይቁን የሚዞረው የሩጫ መንገድ እኔ ስኳር ድንች በምጠብስበት ቦታ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ተራራው ከነበረዶው ውሃው ላይ ተገልብጦ የሚታየው እዚህ ነው። ሯጭ ሁሉ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ስኳር ድንቼን ዞር ብሎ የሚያይልኝ ግን የለም።

እሱ አይቆምም። ጎልማሳ ነው፤ የጫማው ተረከዝ አልቋል። በግራ እጁ አጭር ገመድ ይይዛል፤ ዓይነ ስውር ሯጭ የሚመራ ሰው የሚይዘውን ዓይነት። የገመዱ ሌላ ጫፍ በውሃው በኩል ባዶውን ይወዛወዛል። እየሮጠ ጮክ ብሎ ያወራል፦ «ድንጋይ አለ... ዳክዬዎቹ መጥተዋል... ቅጠሉ ቀልቷል።»

«የሚያወራው ከሚስቱ ጋር መሆን አለበት» ይላል ጀልባ አከራዩ ጌንጂሮ እየሳቀ። «መልስ የማትሰጥ ሚስት፣ መታደል ነው!»

እዚህ መታጠፊያ ሲደርስ ግን ስለ ተራራው አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል።

ትናንት አላስችል አለኝ። «ኧረ ልጄ፣ ቀና በል! ይሄን ሳያዩ ማለፍ ነውር ነው» አልኩት።

«አንድ ቀን ቀና ብዬ ነበር፣ እማማ» አለኝ።

ከዚያ ወደ ባዶው የገመድ ጫፍ ዞረ።

«ውሃ ነው» አለ። «ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ።»