አንድም አይሰረዝም
ሠፈሩ እኚህን እናት የሚያውቃቸው «መብራት አጥፉ» በሚል ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውቱ፣ ተመልካቹ በተንጫጫ ቁጥር ከማጫወቻው ክፍል አንገታቸውን ብቅ አድርገው «መብራት አጥፉ! አፍም ዝጉ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ መጋዘን ሲሆን ባልደረቦቻቸው እያለቀሱ ተበተኑ። እሳቸው ግን እንባቸውን ዋጥ አድርገው ሄዱና ሳሎናቸው ውስጥ ሌላ ሲኒማ ከፈቱ።

ሲኒማው የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሣጥን ናት፤ ሰርቨር ይሏታል። ውስጧ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ሁለቱም ላይ የተጫነው አንድ ዓይነት ነው። የሕንጻው ጎረቤቶች በየቴሌቪዥናቸው የሚያዩት ከእሷ ነው። ፊልም ብቻ መስሏችሁ? የሰዉ የድሮ ካሴት፣ የልጆች ልደት፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ሟች አባቷ ሲቀልዱ የተቀረጹበት ሳይቀር እዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኗ ቦታ እንደሞላ፣ አንዱ ዲስክም እንደሞተ አስታወቀች። የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነው ልጃቸው መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እማዬ፣ ግማሹን ሰርዢው። ፊልም እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።»

«የነርሷ አባትስ? እሳቸውም ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል?»

«እሳቸውን ደግሞ ማን ያያል?»

«እሷ ታያለቻ! አንድም አይሰረዝም።»

«እሺ፣ በትልልቅ ዲስክ ይቀየር። ግን ጊዜ ሳገኝ እኔ እቀይርልሻለሁ፤ አንቺ እንዳትነኪው!»

«እንዳትነኪው» የምትባል ቃል ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። ድሮም የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ «ሴት ማሽን አትነካም» ብሏቸው፣ በሳምንቱ ማሽኑ ሲቆም ያስነሱት እሳቸው ናቸው።

ሰኞ በጠዋት ሁለት ትልልቅ ዲስክ ገዝተው መጡ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ መመሪያውን ሁለቴ አነበቡ፣ በካቻቪቴ ብሎኑን ፈቱ። የሞተውን አውጥተው አዲሱን ከተቱ። ሣጥኗ የማስጠንቀቂያ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ጩኺ፤ ከአንቺ የባሰ ተመልካች ችያለሁ» አሏት። ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ ተጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ወሬውን ሰምቶ እያለከለከ ደረሰ። ሥራው ስድሳ በመቶ ላይ ነበር፤ የተረፈው አሮጌ ዲስክ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

«ይኸውልሽ፣ ይሄም ሊሞት ነው! አጥፊውና ባለሙያ ጋ እንውሰደው!» ብሎ እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ።

እሳቸው ወንበር ጎትተው ሶኬቱ ፊት ዘፍ አሉ።

«ከጠፋ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል። ጀምሬዋለሁ፣ እጨርሰዋለሁ።»

«ቢበላሽስ?»

«ከተበላሸ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለነርሷም በሯን አንኳኩቼ ራሴ እነግራታለሁ። አንተ ከዚህ ዞር በል።»

ይህን ይበሉ እንጂ ዲስኩ በተንቋቋ ቁጥር የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨብጠው ይይዛሉ፤ ከወንበሩ ግን ንቅንቅ አላሉም። ልጅየው ቆሞ ቆሞ ሲደክመው እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። አመሻሽ ላይ መቶ ሞላ።

በማግስቱ ሁለተኛውን ዲስክ ሲቀይሩ ልጃቸው አጠገባቸው ሆኖ ብሎን ሲያቀብል ነበር። ቦታው አምስት እጥፍ ሆነ።

«ማን አስተማረሽ ግን?» አላቸው።

«መመሪያው። እናንተ ባለሙያዎች እኮ አታነቡም!»

ከዚያ ደረጃውን ወጡና በየበሩ እያንኳኩ «የተረፈ ካሴት ያላችሁ አምጡ» አሉ። ሰዉም ካሴቱን በየፌስታሉ እየሞላ አወጣ። ተሸክሞ ያወረደው ያው «እንዳትነኪው» ያለው ልጃቸው ነው።