ኦርኬስትራ የሆንንበት ሳሎን

ቤተ ክርስቲያናችን በታሸገ ማግስት ወንድሜ ቫዮሊኑን አልጋው ሥር ደበቀው። ያኔ በደርግ ዘመን አዳማ ውስጥ የእኛን የጴንጤዎቹን መዝሙር መዘመር ያሳስር ነበር። ወንድሜ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰ መምህር ነው፤ ያለ ቫዮሊን መኖር አልሆነለትም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ጓደኞቻችንን ቤት ጠራና «ቃል የሌለው ነገር እንሥራ» አለን።

ያሰበው አንድ ጀርመናዊ በድሮ ዘመን ለአንድ ቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የጻፈውን ኮንቸርቶ ነበር።

«ኦርኬስትራውስ ከየት ይመጣል?» አለች ልብስ ሰፊዋ ጓደኛችን።

«እናንተ ናችኋ» አላት።

ለእያንዳንዳችን ድርሻችንን እየተጫወተ አስጠናን። እኔና እሷ ቀጭኑን ድምፅ፣ ወንዶቹ ወፍራሙን በአፋችን እናዜማለን፤ እሱ በላያችን ላይ ይጫወታል። ፈጣኑ ክፍል ላይ ትንፋሽ እያጠረን ሳቅ ይቀድመን ነበር። ዝግ ያለው መካከለኛው ክፍል ግን አልከበደንም።

አንድ እሁድ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። እናቴን «አካም ጅርቱ፣ እማማ» ብሎ ሰላም አላትና ወደ እኛ ዞረ።

«መዝሙር ነው?»

«አይደለም፤ ቃል እንኳ የለውም» አለ ወንድሜ።

«የማን አገር ነው?»

«የጀርመን።»

«የትኛው ጀርመን?»

ወንድሜ ግንባሩን ጠረገ። «መጀመሪያ የተጫወቱት ዛሬ በምሥራቁ፣ በሶሻሊስቱ በኩል ባለው ከተማ ነው።»

ሰውየው «እስቲ ቀጥሉ» አለ።

ዝግ ያለውን ጀመርን። ስንጨርስ ሰውየው መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ይህን ዜማ የሠራው፣ ሰው ሞቶበት ነው?»

«እንጃ» አለው ወንድሜ።

«ታናሼ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀረ። አስከሬን ስላልመጣ እናቴ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠችም።»

እናቴ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ልጄ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ይመጣ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ «ሊያስይዘን ነው» ብላ ቀረች። ክረምት ሊገባ ሲል ግን ጥበቃው በሥራ ቀን ብቅ ብሎ፣ «በዚህ እሁድ እንዳትሰበሰቡ» አለንና ሳይቀመጥ ተመለሰ። ይህን ስትሰማ ልብስ ሰፊዋ ራሷ መጥታ ቫዮሊኑን ወሰደችው። እሁድ ሰፈሩ ሲፈተሽ እኔና እናቴ ምስር እንለቅማለን፤ ቫዮሊኑ ልብስ ሰፊዋ ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ ተከምሮበታል። ምንም አልተገኘብንም።

ብዙም ሳይቆይ ሰውየው የቀበሌውን ሥራ ትቶ ወደ አገሩ ወደ አርሲ ነገሌ ሄደ። በኋላ እናቴ ስንዴ ልትገዛ እዚያ ወርዳ ገበያ ላይ አገኘችው። አግብቶ እህል ይነግዳል። ስንዴዋን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነላትና «ያቺን ዝግ ያለችዋን አሁንም ይጫወቷታል?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ከመዝሙር በቀር አንጎራጉራ የማታውቅ ሰው፣ እዚያው ገበያው መሃል ቆማ ያቺኑ ታዜምለት ጀመር።