እውነት የተናገረች ልጅ አትታጠንም

ፅዮን በቆሎ እሸት መብላቷን የተናገረችው ተራዋ ደርሶ ለቁርባን ካህኑ ፊት ከቆመች በኋላ ነው። ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም ተብላ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ አያቷ እጇን ይዘው ነበር ያመጧት። አባ ገብረ ኢየሱስ ጎንበስ ሲሉላት አፏን በሁለት እጇ ከደነችና በጣቶቿ መሃል፣

«አባ፣ እኔ በቆሎ በልቻለሁ» አለች።

የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ያን ያህል ይሰማል ብሎ የጠበቀ የለም። ከኋላ የቆሙ ሴቶች ሳቁ። አባም ፈገግ ብለው «በይ ነገ ሳትበዪ ነይ፣ ልጄ» አሏትና አለፏት። አያቷ እማማ የትነበርሽ ግን ከዳባት ድረስ የመጡት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሊቆርቡ ነው። ቀድመዋት ቆርበው ስለነበር አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ መናገር አይችሉም። በዓይናቸው ብቻ ፈጇት።

የፅዮን እናት ምንዳዬ ይህን ሁሉ አላየችም። ጎንደር አራዳ ባለችው ጠባብ የስፌት ቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ውላ፣ በዝናብ በስብሳ ፀዳ ሰፈር ካለው መኖሪያ ቤቷ ስትደርስ ያገኘችው ግን ነገሩን ሁሉ ነገራት። መሃል ወለሉ ላይ፣ በምድጃው ውስጥ ከሰሉ ፍም ሆኗል። አጠገቡ አንድ እፍኝ ደረቅ በርበሬ ተቀምጧል። ባሏ ሰጠኝ ባጃጁን አቁሞ፣ ጋቢ በእጁ ይዞ፣ ልጁን ማየት አፍሮ ግድግዳውን ያያል። ፅዮን ጥግ ላይ ቆማለች። አታለቅስም። ይልቅስ ፍሙን እንደ አዲስ ነገር ትመለከተዋለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ምንዳዬ።

«ልጅሽ አዋረደችኝ!» አሉ እማማ የትነበርሽ። «በእግዜር ፊት! በሰው ፊት!»

«ዛሬ እኮ ቆርበዋል፣ እማማ።»

«ስለቆረብሁ አይደል እንዴ አባቷ ይያዛት ያልሁት! እኔ እጄን አላነሳም። የሚቀጣት ጭሱ ነው።»

ምንዳዬ ጭሱን ታውቀዋለች። ተወልዳ ያደገችው ከደባርቅ ባሻገር፣ ጉም ከሰው ጋር በር ላይ በሚጋፋበት ብርድ አገር ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የጥጆቹን ማሰሪያ ሳታጠብቀው ቀረችና ጥጆቹ ላሞቹን ጠብተው አደሩ፤ ጧት ለአለባ የተረፈ ወተት የለም። አባቷ አያ አወቀ «ማን ነው?» ሲሉ «እኔ ነኝ» አለች። እንዲያ ብትል የሚያመሰግኗት መስሏት ነበር። በርኖስ ውስጥ ከተው በበርበሬ አጠኗት። ጉሮሮዋ በሳምንቱ ዳነ። ከዚያ ጭስ ስትወጣ የተማረችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መዋሸት ተማረች። ደግሞም ሸጋ አድርጋ ተማረችው! እንስራው ሲሰበር ነፋሱ ሰበረው፤ በግ ሲጠፋ ቀበሮ ወሰደው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ሊድሯት ሽማግሌ ሲቀበሉ ጎንበስ ብላ «እሺ፣ አባባ» አለች፤ በማግሥቱ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጥታ ጎንደር ገባች። አያ አወቀ እስኪሞቱ ድረስ ከልጃቸው አፍ ሁለተኛ እውነት አልሰሙም። ሬሳቸው አጠገብ ቆማ ያለቀሰችው ለዚያ ነው።

እሷም ብትሆን እጇ ንጹሕ አይደለም። ፅዮን አራት ዓመቷ ሳለ የደንበኛ ጨርቅ በመቀስ ስትቆራርጥ አገኘቻትና በእንጨቱ ሜትር ሁለት ጊዜ እግሯን መታቻት። በማግሥቱ ልጅቷ ውሃ ደፋች። ከዚያ ማንም ምንም ሳይላት ወደ ጓዳ ገባች፤ ሜትሩን ከራሷ ቁመት ጋር እየታገለች ጎትታ አመጣችና ለእናቷ ሰጠቻት። እግሯንም አዘጋጀች። ምንዳዬ ያን ቀን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልቻለችም። ከዚያ ወዲያ በጨርቅ ሜትር ነው የምትለካው።

አሁን ፍሙን አየች። ጋቢውን አየች።

«እውነት የተናገረች ልጅ አትታጠንም» አለች።

«ጾም የገደፈችውስ?»

«ነገ ትጾማለች። አባም ነገ ነይ አሏት እንጂ አልመቷትም።»

«እሳቸው ቄስ ናቸው፤ አያት አይደሉም!»

ሰጠኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንዳዬ… ለአንድ አፍታ ብቻ። እማዬ እንዲበርድላት።»

«የእናትህ ንዴት በልጄ ዓይን አይበርድም።»

«ምነው፣ የኛ እናቶች አላጠኑንም? ሞትን እንዴ?»

«እንግዲያው መጀመሪያ አንተ ግባ።» ጋቢውን ከእጁ ነጥቃ ዘረጋችው። «አዎ፣ አንተ! እስከ ሃያ ቁጠርና ውጣ። ከዚያ ስታስነጥስ፣ ዓይንህን እያሸህ፣ ልጄን ስጪኝ በለኝ።»

«አበደች!» አሉ እማማ የትነበርሽ። «እሱንም አጥኜ ነው ያሳደግሁት። ምን ሆነ? ይኸው፣ ሰው ሆኗል!»

«ይጠይቁት እስቲ፣ እማማ። ከዚያ በኋላ እውነት ነግሮዎት ያውቃል?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰጠኝ ጋቢውን አየ፤ ልጁን አየ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ በአንድ እጁ ባጃጅ የሚያዞር ጎረምሳ፣ እንደ ልጅ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ያን ጊዜ… ለሚካኤል ዝክር ያስቀመጥሽውን ማር…»

«ምን ሆነ ማሩ?»

«እኔ ነኝ የበላሁት።»

«እንኳየሁ አይደለች እንዴ የበላችው!»

«እኔ ነኝ። እህቴ አልቀመሰችውም።»

እማማ የትነበርሽ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እሷን እኮ ነው ያጠንኋት» አሉ። «አልበላሁም፣ አልበላሁም ስትለኝ፣ ለውሸቷ ብዬ ጨመርሁባት።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «አንተስ ምነው ዝም አልህ?»

«ጭሱን ፈርቼ።»

ምንዳዬ ፍሙን ከነምድጃው አንሥታ ወጣችና ዝናቡ ላይ ደፋችው። በርበሬውን ወደ ቅመም ቆርቆሮው መለሰችው። ከዚያ ፅዮንን ጠርታ፣

«በቆሎውን ማን ሰጠሽ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ ከአጥር ላይ የቀጠፍሁት። የእትዬ ወለላ ነው።»

«በይ ነገ ሄደሽ ንገሪያት። ይቅርታም ጠይቂ።»

«ትቆጣኛለች።»

«ትቆጣሽ። እኔ አብሬሽ እቆማለሁ።»

እማማ የትነበርሽ ግን የተሸነፉ ሰው አይደሉም። በማግሥቱ ጧት ሻንጣቸውን አሥረው ተነሡ። «ልጅ በማይቀጣበት ቤት ጾሜን አልፈታም» አሉ። ምንዳዬ ስንቅ ቋጠረችላቸው፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ሻንጣቸውንም ባጃጁ ላይ ጫነች። ይቅር በሉኝ ግን አላለችም።

«ስታድግ ታያታለሽ» አሉ ከባጃጁ ውስጥ።

«አያታለሁ፣ እማማ። ደኅና ይግቡ።»

«እኔ መጀመሪያ እንኳየሁ ቤት ነው የምወርደው» አሉ ፊታቸውን ወደ ሰጠኝ መልሰው። «አንተም አብረኸኝ ትገባለህ። የማሩን ነገር በራስህ አፍ ትነግራታለህ።» ሰጠኝ ሞተሩን አስነሣ።

ፅዮን ወለላ ዘንድ ሄዳ የሆነውን ስትናገር ጎረቤትየው ወገቧን ይዛ ሰማቻት፤ ከዚያ ከልጅቷ አናት በላይ እናቷን አየች።

«አማትሽን ለዚች ሌባ ብለሽ አስቀየምሽ አሉ?»

«ሌባዋ ራሷ መጥታ ነገረችሽ። ሌላ ሌባ እንዲህ አድርጎልሽ ያውቃል?»

«ሳትቀጫት ቀርተሽ፣ ነገ አድጋ አንችኑ ነው የምትመታሽ!»

«ከመታችኝ» አለች ምንዳዬ፣ የልጇን እጅ ይዛ ወደ መንገዱ እየዞረች፣ «ከኔ ቤት አልተማረችውም።»