በሩ ያልተገጠመለት ቤት

ሥራዬን የጀመርኩት ሰው በመቁጠር ነው። ቆቦ ውስጥ ፊደል የቆጠርኩበት ትምህርት ቤት በተፈናቃይ ሲሞላ፣ በየክፍሉ እየገባሁ ስንት ሰው እንዳደረ እጽፍ ነበር። የተማርኩት የሕንፃ ንድፍ ነው። ሥራ አጥቼ ቤት ተቀምጬ ስለነበር፣ የቀን ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሄድኩ። ለአንድ ሳምንት የተባለው ዓመታት ፈጀ። መዝጋቢ ነበርኩ፣ ከዚያ የመስክ ሠራተኛ ሆንኩ፣ አሁን የመጠለያ አስተባባሪ ነኝ፤ አንገቴ ላይ ባጅ ይንጠለጠላል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ቤት ታድላለች» ትላለች። እኔ ራሴ እስካሁን አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይኼው ነው።

መጀመሪያ ሰሞን አለቅስ ነበር። በኋላ ቀረ። መቼ እንደቀረ አላውቅም። አንድ ቀን አንዲት እናት ፊቴ ቆማ ስታነባ፣ እኔ እስክሪብቶዬ ቀለም መጨረሱን ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ባልደረቦቼ «አንቺኮ ጠንካራ ነሽ» ይሉኛል። ጥንካሬ አይደለም። እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ ሲረግጡበት የራስ አይመስልም።

ስለ አንዲት ሴት ልጻፍ። ከጎብዬ በታች፣ ወደ ቆላው ከሚወርደው መንደር የመጣች ናት። ቤቷ በጦርነቱ ተቃጥሎ ከሁለት ልጆቿ ጋር አራተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎች ዘጠኝ ቤተሰቦች ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ብዙ የቆላው ጎልማሳ እንደሚያደርገው በእግሩ በረሃውን አቋርጦ ወደ ዓረብ አገር ወጥቷል። በመንገድ ላይ ሳለ ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከሰው ስልክ ለምኖም ቢሆን ይደውልላት ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እሷ ግን ዓርብ ጠዋት ስልኳን ይዛ የጥበቃው ክፍል ትሄድና ቻርጅ ታደርጋለች። ሰው ሁሉ ያውቅላት ስለነበር ሶኬቱን የሚሻማት አልነበረም።

አንድ ቀን የተፈናቃዮቹ ተወካይ የሆኑ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን ሆድ ይፍጀው። የዚያች ልጅ ባል በረሃ ላይ ሞቷል። አብሮት የነበረው ልጅ ደውሎ ነገረን። ሁለት ወር ሊሆነው ነው።»

«እሷስ?»

«አልነገርናትም። የት ተቀምጣ ታልቅስ? የሰው ልጅ በተደራረበበት ክፍል? ለቅሶ የሚደርሳት ሰው የት ይቀመጥ? ኢዳዋንስ፣ የባል ሐዘን ወራቷን፣ የት ትቀመጠው? መርዶ የሚነገረው ቤት ላለው ነው። ቤቷ ይቁም፣ ኢንሻአላህ በማለዳ ሄደን እናረዳታለን። አንቺ ግን ለወረቀትሽ እወቂው፤ ባል የሞተባት ትቀድማለች ብላችኋል።»

እውነታቸውን ነው፤ ደንባችን እንደዚያ ይላል። ባሏ ዓረብ አገር ያለ ሴት ተራዋ ሩቅ ነው፤ ባሏ የሞተባት ግን ከክረምት በፊት ቆርቆሮ ታገኛለች። እንግዲህ ቤት የምታገኘው ባሏ ስለሞተ ነው፤ መሞቱን የምትሰማው ደግሞ ቤት ስታገኝ ነው። ያኔ ይህ ነገር አላስደነቀኝም። ጻፍኩት።

ስም ዝርዝሩ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ሦስት ቀን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ግልጽነት ይሉታል። «ምክንያት» የሚለውን ዓምድ መቁረጥ ነበረብኝ። አልቆረጥኩም። ረስቼው ነው እንዳልል አልረሳሁትም፤ ጭራሽ አላሰብኩትም። እንዳለ አትሜ፣ አራቱንም ጥግ በማጣበቂያ ይዤ፣ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ ሰዉ ሁሉ ውኃ ሊቀዳ ቦቴው ጋ ተሰልፏል። እሷ ብቻዋን ግድግዳው ሥር ቆማለች። ጣቷ ስሟ ላይ ነው። ከስሟ ተነስታ መስመሩን እየተከተለች፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ታነባለች። ማንበብ መቻሏን አላውቅም ነበር። «ባሏ የሞተባት» አለች፤ የሰው ጉዳይ እንደምታነብ። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«አንሺው» አለችኝ። «ሰው ሳያየው አንሺው።»

ቀደድኩት።

«እኔም አላየሁትም። ቤቴ እስኪቆም ምንም አላየሁም። እሺ እህቴ?»

«እሺ» አልኳት። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ቃሉ አፌ ድረስም አልመጣም። ያን ዓምድ ቆርጬ ሌላ ለጠፍኩ። ለሽማግሌውም አልነገርኳቸውም። በዚህ አሁንም አፍራለሁ።

ቆርቆሮው ሲመጣ የመንደሯ ሰው ጅጌ ወጣላት። በአንድ ቀን ቋሚው ተተከለ፣ ማገሩ ተማገረ፣ ክዳኑ ተመታ። ጭቃውን በእግሯ ያቦካችው ራሷ ናት። ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ ጭዱን ስትረግጥ፣ ከሚሠሩት አንዱ «አባወራው ሲመጣ ይኼን ቤት አይቶ ዳግም ሊያገባሽ ነው!» ብሎ ቀለደ። ሳቀች። «ኔትወርክ እንቢ አለው እንጂ ሰምቷል» አለችው። እኔ የቋሚዎቹን ርቀት በሜትር እየለካሁ ነበር። ልኬን ቀጠልኩ።

በየሳምንቱ በባጃጅ እየወረድኩ አያለሁ። ግድግዳው ተመረገ፣ ወለሉ ተደለደለ። የቆርቆሮ በሩ ግን ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ማጠፊያው ጠፋ» አለችኝ። ማጠፊያ አመጣሁላት። በሁለተኛው «አናጢው ጎብዬ ገበያ ወጥቷል» አለች። በሦስተኛው ስሄድ የጎረቤት ፍየሎች ቤት ውስጥ ተኝተዋል፤ ልጆቿ ያባርራሉ፣ በሩም እዚያው ቆሟል። ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ በቅጹ ላይ «ተጠቃሚዋ ሥራውን ታዘገያለች» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን ሆነሽ ነው? ማክሰኞ ደርሷል፤ ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። አንድ በር መግጠም እንዲህ ያቅታል?»

«በሩ ከተገጠመ ይመጣሉ» አለችኝ።

«እነማን?» አልኳት። ከአፌ እንደወጣ አስታወስኩ።

ልጆቿ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን አፍ አውጥተው እስኪነግሩኝ ድረስ እሱ አለ። ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ልጆቹም አባታችን ይላሉ። ዓርብን ልየው። አንድ ዓርብ ብቻ፤ ቅዳሜ ራሴ እገጥመዋለሁ ወላሂ።»

እንግዶቹ ገንዘቡን የሰጡን ሰዎች ናቸው። ሁሉም ቤት አልቆ ማየት አለባቸው። የአስተባባሪነቱ ነገርም በዚያ ጉብኝት ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ይህን ማንም በቃል አልነገረኝም፣ ግን አውቀዋለሁ። ለእንግዶቹ ሌላ ቤት ላሳያቸው እችል ነበር። የሷ ቤት ግን ለአስፋልቱ የቀረበ ነበር፣ ለመኪና ይመቻል። ረቡዕ አናጢ ይዤ ወረድኩ።

አልተከራከረችም። አናጢው ብቻውን ሲታገል አይታ ሄዳ በሩን ደግፋ ያዘችለት። ሚስማሩን እስኪመታ ድረስ በትከሻዋ ተሸከመችው።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ፣ በሩ ላይ አቁመው ፎቶ አነሷት፣ ሄዱ። መኪናቸው አስፋልቱን ሳይዝ ሽማግሌው ደወሉልኝ።

«አልሃምዱሊላህ፣ አለቀ አሉ። እውነት ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ገና ነው፣ ቅዳሜ ያልቃል ብል ሽማግሌው አምነውኝ ይጠብቁ ነበር።

«አዎ፣ አልቋል» አልኳቸው።

«በቃ ነገ ማለዳ እንሄዳለን። አንቺም ነይ፤ ቤቱን ያቆምሽላት አንቺ ነሽ፣ ስታይሽ ትጽናናለች።»

ገና ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፤ እኔ በመሃል። የመንገዱ ዳርና ዳር ማሽላው ጉልበት ደርሷል፣ ጠዋቱም ገና ከአሁኑ ይሞቃል። ለቀባሪው አረዱት የሚባለውን እያሰብኩ ነበር፤ ከሁሉም ቀድማ፣ ብቻዋን፣ ጣቷን በመስመር ላይ እየጎተተች የቀበረችው እሷ መሆኗን ከሰዉ ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ለእሷም ሆነ ለእኔ ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ውስጤን ፈለግኩት፤ ምንም አላገኘሁም።

ሽማግሌው በበትራቸው በሩን ቆረቆሩ። ራሷ ከፈተችው። ለብሳ ነበር። በእጇ ስልኳን ይዛለች፤ ከጎረቤት ቻርጅ አስደርጋው አድራለች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ ከዚያ በትከሻቸው መሃል እኔን አየችኝ።

«ዓርብን ብዬሽ ነበር እኮ» አለች።

ሽማግሌው ለሳቸው የተናገረች መሰላቸው። «አዎ ልጄ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ደግ ቀን ነው» አሏትና እጇን ይዘው አስገቧት። ከዚያ አረዷት።

ጩኸቷ ሲነሳ ሴቶቹ እየተጋፉ ገቡ። እኔ ደጅ ቀረሁ፣ በሩን ይዤ። ወዲያና ወዲህ አልኩት። ማጠፊያው ልክ ነበር፤ ሲከፈትም ሲዘጋም አይጮኽም።